እንቅልፍ እንቢ ሲል፦ ዮጋ፣ ፍልውኃና የቤታችን ሳፋ



አሞራ ገደልን በእንግድነት የሚያውቃት ሰው የሚያውቃት በቀን ነው። ከሐይቁ ዳር የተጠጉትን ጀልባዎች፣ የዓሣ ቁርጥራጭ የሚጠብቁትን አባ ኮዳዎች፣ በትኩሱ የሚጠበሰውን ቆሮሶ ዐይቶና ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል። እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ይህችን ሰፈር በይበልጥ ያወቅኋት በሌሊት ነው። ባለቤቴ ዓሣ ከአጥማጆች ተረክቦ ለምግብ ቤቶች ያከፋፍላል። አጥማጆቹ መረባቸውን አመሻሽ ላይ ይጥሉና ንጋት ላይ ያነሡታል፤ ስለዚህ እርሱም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ፣ ሱብሂን መስጊድ ሰግዶ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ለዚህ ደግሞ የሚቀሰቅስ ሰዓት አላስፈለገውም። የቤታችን ሰዓት እኔ ነበርኩ። ውሾቹ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጮኹ፣ የመጀመሪያው ባጃጅ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያልፍ ለይቼ አውቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው። ሕፃን ያለው ቤት ሌሊቱን ሲነሣ ሲተኛ ማደሩ ያለ ነው፤ ማንም አይደነቅበትም። ልጁ አድጎ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ሲጀምር ግን እኔ ሳልመለስ ቀረሁ። ከኢሻ በኋላ ጋደም እላለሁ፤ ጥቅስ ያደርገኛል፤ 7 ሰዓት ሲሆን ዐይኔ ይፈጣል። ከዚያ በኋላ እስከ አዛን መገላበጥ ነው።

እንቅልፍ ማጣት የራስ ጉዳይ ይመስላል፤ አይደለም። እኔ በሳምንቱ ቀናት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ መድረሳ ልጆች አስቀራለሁ። በሁለቱም ቦታ የማይታወቅ የነበረ ቁጣ መጣብኝ። አንድ ቀን ጧት፣ 14 ዓመት የሚሆነው ተማሪዬ ዴስክ ላይ ተደፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል። በክፍሉ ሁሉ ፊት «ሌሊቱን ስትቅም አድረህ ነው አይደል?» አልኩት። ልጁ ቀና ብሎ ዐየኝ፤ ምንም አልመለሰም። በዕረፍት ሰዓት ጓደኛው ተከትሎኝ መጣና፣ «ቲቸር፣ እሱ እኮ ሌሊት ከአጎቱ ጋር መረብ ሊያነሣ ይወጣል» አለኝ። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ልጁን በየንጋቱ ጀልባ ላይ የሚያየው እርሱ ሆኖ ተገኘ።

የሰደብኩት በሰው ፊት ነውና ይቅርታ የጠየቅሁትም በሰው ፊት ነበር። «ችግር የለም ቲቸር» አለ፤ ችግር ግን ነበረ። ልጁም እኔም የምንናደደው፣ የምንረሳውና የምንደክመው በአንድ ምክንያት ነበር፤ ልዩነቱ እርሱ እንቅልፍ እየፈለገ የማይፈቀድለት፣ እኔ ተፈቅዶልኝ የማላገኘው መሆናችን ነው። መድኃኒት መፈለግ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ለመሆኑ እንቅልፍ እንዴት ይመጣል?

ሰውነታችን ለሌሊት የሚዘጋጀው ቀስ በቀስ ነው። ብርሃን ሲቀንስ አንጎል ውስጥ ያለች ትንሽ ዕጢ ሜላቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ማመንጨት ትጀምራለች፤ የስልክም ሆነ የቴሌቪዥን ብርሃን ይህን ያዘገየዋል። ከዚህ ጎን ለጎን የውስጥ አካላችን ሙቀት ዝቅ ይላል። ሙቀቱ የሚወጣው በእጅና በእግር በኩል ነው፤ የእጅና የእግር ደም ሥሮች ይሰፉና ሙቀቱን ወደ ውጭ ይለቁታል። በስዊዘርላንድ የባዝል ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ አንድ ሰው ቶሎ እንቅልፍ ይወስደው እንደሆነ ከሚጠቁሙት ምልክቶች ሁሉ የእግርና የእጅ መሞቅ ዋነኛው መሆኑን አሳይተዋል። እግሩ የቀዘቀዘ ሰው እንቅልፍ የሚቸግረው ለዚህ ነው። አያቶቻችን ልጅን ከማስተኛታቸው በፊት እግሩን በሙቅ ውኃ የሚያጥቡት ለንጽሕና ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

በተቃራኒው የቆሙ ነገሮችም አሉ። በእኛ አገር፣ በተለይ በሲዳማ ምድር፣ ስለ ቡና ክፉ መናገር እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ነገር ግን ካፌይን ከሰውነት ውስጥ ግማሹ እንኳ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ነፍሰ ጡር በሆነች ሴት ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ይረዝማል። በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት፣ ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን እንቅልፍን ከ1 ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። እኔ ደግሞ ከመግሪብ በኋላ ከጎረቤት ጋር እስከ ሦስተኛው ድረስ ቁጭ የምል ሰው ነበርኩ። የሚገርመው፣ ቡና በዐረቡ ዓለም የተስፋፋው በ15ኛው ምዕተ ዓመት የየመን ሱፊዎች ሌሊቱን ለዚክር ነቅተው ለማደር ሲጠጡት መሆኑ ነው። እነርሱ የጠጡት እንዳይተኙ ነው፤ እኛ ጠጥተነው እንቅልፍ መጠበቃችን ነው ስሕተቱ። ስለ ጫት ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። ከቃሚዎች ጋር ያደገ ሁሉ ምርቃናው ሲያልፍ ሌሊቱ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል፤ ካቲኖን የሚባለው በጫት ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር የሚሠራው አንጎልን በማነቃቃት ነውና።

የክኒኒቱ ነገር

አንዲት ደግ ጎረቤቴ ከራሷ መድኃኒት ላይ ዲያዜፓም ሰጠችኝ። ክፋት አስባ አይደለም። የመጀመሪያዋን ሌሊት እንደ ድንጋይ ተኛሁ። ሱብሂ አመለጠኝ፤ ትንሹ ልጄ ሲያስለው አድሮ የሰማችው ከሌላ ክፍል የተኛችው አማቴ ነበረች። ከዚያ ግማሿ ወደ አንድ፣ አንዷ ወደ አንድ ተኩል አደገች። የዚህ ዓይነት ክኒን ሰውነት እየለመደው መጠኑ ይጨምራል፤ ለብዙ ጊዜ የወሰደው ሰው በድንገት ቢያቆመው ደግሞ መንቀጥቀጥ ሊያመጣበት ይችላል። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነው በየሳምንቱ እየቀነስኩ የተውኩት። እባካችሁ፣ ይህን መድኃኒት ከሰው ተበድራችሁ አትጀምሩ፤ የጀመራችሁም በራሳችሁ ፈቃድ በአንድ ቀን አትቁረጡ።

ሐኪሙ የነገረኝን አንድ ነገር መጀመሪያ ናቅሁት። «እንቅልፍ ካልመጣ አልጋ ላይ አትቆዪ» አለኝ። 20 ደቂቃ ያህል ተገላብጦ እንቢ ካለ ተነሥቶ፣ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀምጦ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ መመለስ፤ ማታ የቱንም ያህል ቢያመሽ ጧት በአንድ ሰዓት መነሣት። ይህን ዘዴ አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሪቻርድ ቡትዚን በ1972 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ሲሆን፣ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም በ2016 እ.ኤ.አ. ለሰነበተ እንቅልፍ ማጣት ከክኒን በፊት መሰጠት ያለበት እንዲህ ያለው የልማድና የአስተሳሰብ ሕክምና መሆኑን አውጇል። ለእኛ ሰዎች መነሻው ሰዓት የታወቀ ነው፤ ሱብሂ አለ። የጎደለን የመኝታው ሰዓት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከኢሻ በፊት መተኛትንና ከኢሻ በኋላ ወሬ ማብዛትን ይጠሉ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። መድረሳ ውስጥ ይህን ሐዲስ ስንት ጊዜ እንዳስተማርኩት! ማታ ግን ስልኬን ይዤ እስከ 5 ሰዓት።

ዮጋ ይፈቀዳልን?

ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2010 እ.ኤ.አ. ሪዞርቱን ከከፈተ ወዲህ በሐይቃችን ዙሪያ ስፓ፣ ሳውና፣ ማሳጅ የሚሉት ቃላት እንግዳ መሆናቸው ቀርቷል። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ መጥታ ፊቴን ባየች ጊዜ፣ «አንቺ ሰውነትሽ እኮ ገመድ ሆኗል፤ ነይ ዮጋ እንሥራ፣ ከዚያ እንፋሎት እንገባለን» አለችኝና ወደ አንድ ሆቴል ወሰደችኝ። በሩ ላይ ዋጋውን ስጠይቅ የአንድ ቀኑ የሁለት ሳምንት አስቤዛችንን የሚያህል ነው። ገንዘቡን እርሷ ትከፍል ነበር፤ ዳሩ ግን አዳራሹ ወንድና ሴት ያለ መጋረጃ የሚሠራበት ነው፤ ከመስታወቱ ባሻገር ደግሞ የመዋኛው ገንዳ። «ለሴቶች ብቻ የሆነ ሰዓት አለ?» አልኳቸው፤ የለም። ተመለስን። ጓደኛዬ ቅር አላት፤ ሆኖም ቤት ገብተን በሩን ዘግተን እዚያው ምንጣፍ ላይ አስተማረችኝ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አነሣሁባት፤ ከአንባብያንም ብዙዎች እንደሚያነሡት እርግጠኛ ነኝ። ዮጋ ከህንድ እምነቶች ጋር የተያያዘ ሥር አለው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የማሌዥያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት በኅዳር ወር 2008 እ.ኤ.አ. ዮጋ ለሙስሊሞች የተከለከለ ነው አለ፤ ከቀናት በኋላ ግን የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ በዳዊ፣ የእምነት ዜማና ድግምት የሌለበት የሰውነት እንቅስቃሴ እንደማይከለከል ገለጹ። የኢንዶኔዥያ ዑለማዎች ምክር ቤትም በ2009 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ተመሳሳይ ልዩነት አድርጓል፦ የሌላ እምነት ዜማና ሥርዓት ያለበት ሐራም፣ ስፖርት ብቻ የሆነው የሚፈቀድ። በሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ የንግድ ሚኒስቴሩ በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ዮጋን ከስፖርት ሥራዎች መካከል መዘገበው፤ ለዚህ ብዙ ዓመት የደከመችው ኑፍ አል መርዋዒ የተባለች የጅዳ ሴት ናት።

እኔ ሙፍቲ አይደለሁም። የተጠራጠረ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። ለራሴ የያዝኩት ግን ይህ ነው፦ ቃል አልደግምም፣ ለፀሐይም ለምንም እጅ አልነሣም፣ እጆቼንም ደረቴ ላይ ለሰላምታ አላጋጥምም። ጀርባን ማፍታታትና ትንፋሽን ማርገብ የማንም ሃይማኖት ንብረት አይደለም። ስሙ የሚከብደው ሰው «ማፍታቻ» ይበለው።

የምንሠራው ቀላል ነው። ከኢሻ በኋላ፣ መብራቱን ደብዘዝ አድርገን፣ እንዲህ እናደርጋለን። በጉልበት ተንበርክኮ ጉልበቶችን ከፈት ማድረግ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ክንዶችን ወደ ፊት ዘርግቶ ግንባርን ትራስ ላይ ማሳረፍና ለ2 ደቂቃ ያህል መተንፈስ። ልጄ ዐይታኝ «እማ፣ ሱጁዱን ተሳሳትሽ» ብላ ሣቀችብኝ። መመሳሰሉ እውነት ነው፤ ስለዚህም ከሶላት ጋር እንዳይምታታ በመስገጃዬ ላይ አልሠራውም። ቀጥሎ በጀርባ ተኝቶ ጉልበቶችን አንድ ላይ አጥፎ ወደ ቀኝ ከዚያም ወደ ግራ መጣል፤ ትከሻ ግን ከመሬት እንዳይነሣ። በመጨረሻ ደግሞ የምወደው፦ መቀመጫን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ እግሮችን በግድግዳው ላይ ወደ ላይ አቁሞ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መተኛት። ቀኑን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለዋለ አስተማሪ እግር ከዚህ የበለጠ ዕረፍት አላገኘሁም። በዚህ ሁሉ መካከል ዋናው ትንፋሽ ነው፦ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት። ማስወጣቱ ሲረዝም የልብ ምት ይቀንሳል፤ ሰውነትን የሚያረጋጋው የነርቭ ክፍልም ሥራውን ይጀምራል።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የካንሰር ሕክምና ጨርሰው እንቅልፍ ያጡ 410 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ4 ሳምንት ለስለስ ያለ ዮጋ አሠሯቸው፤ የሠሩት ካልሠሩት የተሻለ ተኙ፣ የእንቅልፍ መድኃኒትም ቀነሱ። የዐይን ግፊት (ግላኮማ) ያለበት ሰው ጭንቅላትን ዝቅ የሚያደርገውን እንዳይሠራ፤ የጀርባ አጥንት ሕመም ያለበትም አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ስፓው ሳፋ ውስጥ

ሙቅ ውኃን ለመድኃኒትነት መፈለግ ለአገራችን አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ በፍልውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው ነው። እኛም ዘንድ ወንዶ ገነት ቅርብ ነው፤ ከሐዋሳ ተነሥቶ በሻሸመኔ በኩል ደርሶ መመለስ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። ባለፈው ዓመት ከአማቴ ጋር ሄጄ ነበር። ጧት በማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ሰውነታችንን በሚገባ ሸፍነን ገባን። አማቴ ከውኃው ስትወጣ «ጉልበቴ የኔ አልመስል አለኝ» አለች፤ ያን ሌሊት ሁለታችንም ተኛን። በየሳምንቱ ግን ወንዶ ገነት አይኬድም።

በ2019 እ.ኤ.አ. የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሙቅ መታጠብና በእንቅልፍ ላይ የተሠሩ በሺህ የሚቆጠሩ ጥናቶችን አገላብጠው የደረሱበት ይህ ነው፦ ከ40 እስከ 42 ተኩል ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ውኃ፣ ከመኝታ ከ1 እስከ 2 ሰዓት አስቀድሞ፣ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ መታጠብ እንቅልፍን በአማካይ በ10 ደቂቃ ያፋጥናል። ልብ በሉ፣ ከመኝታ ጋር አያይዘው ሳይሆን አስቀድመው ነው፤ ምክንያቱም የሚያስተኛው መሞቁ ሳይሆን ከመሞቅ በኋላ የሚመጣው መቀዝቀዝ ነው። ገላ መታጠቢያ ለሌለው ቤት እግር ብቻ ማጥለቅም ይበቃል።

እንግዲህ የእኛ ስፓ ይህ ነው። ከራት በኋላ አንድ ጀበና የማይሞላ... አይ፣ ጀበናውን እንተወውና፣ አንድ ማንቆርቆሪያ ውኃ አፍልቼ በሳፋ ከቀዝቃዛው ጋር እቀላቅላለሁ። ሙቀቱን በክርኔ እለካለሁ። በተለይ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ደንዝዞ ሊሆን ስለሚችል በእግሩ እንዳይለካ፤ ሳያውቀው ይቃጠላልና። አማቴ ስኳር ስላለባት ለእርሷ የምለካው እኔ ነኝ፤ ለብ ያለ ብቻ። 15 ደቂቃ ያህል ከቆየን በኋላ እግራችንን በደንብ አድርቀን ካልሲ እናደርጋለን። ለመኝታ ሲደረስ ውዱእ አድርጎ በቀኝ ጎን መተኛት የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት ነው፤ እኔ የውዱኡን ውኃም በብርዱ ወራት ለብ አደርገዋለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ «የዓሣ ነጋዴ ስፓ ገባ!» እያለ ይቀልድ ነበር። አሁን ሳፋው ዘግይቶ ከመጣ የሚጠይቀው እርሱ ነው።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብዙ እህቶች የወይባ ጢስ ይወዳሉ፤ ገላን ያፍታታል፣ መዓዛውም ደስ ይላል። ነገር ግን ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታ የሌለው ጋዝ ያወጣል። እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፤ የሚያስተኛው ግን ላለመነሣት ነው። መስኮትና በር ሳይከፈት ጢስ አትሙቁ፤ ከሰል ያለበትን ምድጃም ሰው የሚተኛበት ክፍል አታሳድሩ። ነፍሰ ጡሮችም ከሳውናና በጣም ከሚያቃጥል ውኃ ይራቁ። እንዲሁም ሌሊት ከባድ ማንኮራፋት ኖሮት መሐል ላይ ትንፋሹ ቁርጥ የሚል ሰው ካለ ሳፋም ዮጋም አይበቃውም፤ ሐኪም ይየው።

እንደ ተአምር የሆነ ነገር የለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ምንም ለውጥ አላየሁም፤ እንዲያውም ከአልጋ ተነሥቶ መቀመጡ የባሰ አደከመኝ። ቡናውን ከአስር በፊት ብቻ ማድረጌ ጎረቤቶቼን አስቀይሟል፤ «ኮራች» ተብያለሁ። ወር ሲሞላ 7 ሰዓት ላይ መንቃቴ ወደ 9 ሰዓት ተሸሸ። አሁንም በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ዐይኔ ፈጦ ያድራል። ሌሎቹን ሌሊቶች ግን እተኛለሁ፤ ባለቤቴም ስልኩ ላይ የሚቀሰቅስ ደወል ሞልቷል።

የተማሪዬን ነገር ለሚጠይቁኝ፦ ባለቤቴ አጎቱን ሐይቁ ዳር አነጋገረው። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንዳለበት ስነግረው አጎቱ ሣቀ፤ እርሱ ራሱ ያን ያህል ተኝቶ አያውቅም። የጀልባው ድርሻ ለቤታቸው ዳቦ ነው፤ ይህን በሳፋ ውኃ መፍታት አይቻልም። ቢሆንም ልጁ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ብቻ እንዲሆን ተስማማ። ሰኞ ጧት አሁንም አንዳንዴ ዴስኩ ላይ ይደፋል። ያኔ ሌሎቹን በዝግታ እንዲያነቡ አዝዤ 10 ደቂቃ እተወዋለሁ።